የዘሐራን ስም የበላ አንበሳ

ደሴ ላይ ታቱ ቤት የሚገባ ሰው እጅጌውን ከመሰብሰቡ በፊት ግራ ቀኙን ያያል። ከእጅጌው ሥር የሚወጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ጓደኛው በልብስ ስፌት መርፌና በእስክሪብቶ ቀለም የጠቀጠቀለት «ዘሐራ» የሚል ስም፣ ከጎኑም ልብ መሆኑ ካልተነገረ የማይታወቅ ልብ። ዘሐራ ዛሬ ሐይቅ ከተማ የሦስት ልጆች እናት ናት። ባለክንዱ ደግሞ በመጪው ወር ከሰሚራ ጋር ኒካህ ሊያስር ነው። ሸሁን ቢያማክር «ተውበት አድርግ» ይሉታል እንጂ በላዩ ጨምርበት አይሉትም፤ ስለዚህ አላማከረም። «ወንድሜ፣ እሷን አጥፋና በላይዋ ትንሽዬ ጽጌረዳ ሥራልኝ» ይላል።

ትንሽዬ ጽጌረዳ ዘሐራን አትችላትም።

አዲስ ቀለም አሮጌውን አይደፍንም። ሁለቱም ከላይኛው ቆዳ ሥር፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ አብረው ይኖራሉ፤ ዓይን የሚያየው ድምራቸውን ነው። ጥቁር ፈዛዛውን ይውጣል፣ ፈዛዛው ግን ጥቁርን አይውጥም። በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ከቀለሙ በላይ የቆዳው የራሱ ማቅለሚያ፣ ሜላኒን አለ፤ ነጭና ቢጫ ከሥሩ ደብዝዘው ይቀራሉ። «በነጭ አጥፋልኝ» የሚል ደንበኛ ግን አይጠፋም፤ የትምህርት ቤቱን ፍሉድ እያሰበ ነው።

አዲሱ ሥዕል ከአሮጌው ሁለት ሦስት እጥፍ መብለጥ አለበት። ሠሪው መጀመሪያ አሮጌውን በሚያሳይ ወረቀት ይገለብጣል፤ ከዚያ ሥዕሉን በላዩ እያዞረ የስሙ ጥቁር መስመሮች ከአዲሱ ጥቁር ክፍል ሥር እንዲወድቁ ያደርጋል። ከጋማ ሥር፣ ከላባ ሥር፣ ከቅጠል ጥላ ሥር። ጽጌረዳም ቢሆን ስሙ የሚቀበረው ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ አበባው መሐል ከገባ አበባው ይነበባል። ለዚህ ነው አገሩ በሙሉ በጋማው አንበሳ የሆነው።

ሒሳቡን ግን ማንም አስቀድሞ አይሠራም። ስሙ 4 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ አንበሳው 10 ሆነ። ከሰሚራ ጋር ካልተስማሙና ከአንበሳው ጎን የተጻፈው ስሟም መሸፈን ካለበት ቀጣዩ 25 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ከ60 ይበልጣል፤ ክንድ አለቀ። ፍቅር በዚህ አያያዝ ወደ ደረት ይሻገራል።

ሌላም ነገር አለ። ቁስሉ ሲድን አዲሱ ቀለም ትንሽ ይሳሳና አሮጌው ብቅ ይላል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ሁለተኛ ዙር የሚሠራው ለዚህ ነው። መከራው ያለው በመካከሉ ነው፦ ሰሚራ አንበሳውን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችውና ጋማው ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይቺ ‹ዘ› ናት?» አለች።

ግንባር ላይ ያለ መስቀል በዚህ መንገድ አይሸፈንም። ሁለት ሳንቲ ሜትሯን መስቀል የሚውጥ ሥዕል አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ግንባሩ ላይ ንስር ይዞ ለቀበሌ መታወቂያ ፎቶ የሚነሳ ሰው ገና አልተገኘም። የእናቶች የአንገት ንቅሳትም እንዲሁ ነው። ጥላሸት ነው፣ ጥቁር ሆኖ ገባ፤ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ሲበታተን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ለማስጠፋት የምትጎተጉተው ባለንቅሳቷ ሳትሆን ለሠርግ ቪዲዮዋ የተጨነቀችው የልጅ ልጅ ናት። አያቲቱ «አንቺ ልጅ፣ አያትሽ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የላከው ለዚህ አንገት ነው» ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ለማደብዘዝ ሌዘር አለ። ለጠቆረ ቆዳ የሚመረጠው 1064 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤንዲ ያግ የሚባለው የሌዘር ዓይነት ነው፤ ሞገዱ አጭር ከሆነ የቆዳውን ሜላኒን ያቃጥልና ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ለመሸፈን ሙሉ በሙሉ መጥፋት የለበትም፣ ግራጫ እስኪሆን ሁለት ሦስት ዙር ሊበቃ ይችላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በየመካከሉ ስድስት ስምንት ሳምንት መጠበቁ ነው። ይህን መጠበቅ ያቃተው ቤቱ ገብቶ በጨውና በሎሚ ይፈትገዋል፣ የባሰበትም የባትሪ አሲድ ያፈስበታል። በጥቁር ትነበብ የነበረችው ዘሐራ አሁን በጠባሳ ትነበባለች፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ በጣት።

ጠባሳ የራሱ ጣጣ አለው። ቅላቱ እስኪለቅና እስኪለሰልስ ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠበቃል። ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድገው ኬሎይድ ከሆነ የንቅሳት መርፌ አይንካው፤ ይብስበታል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ስለሚበዛ፣ ጆሮዋን ተበስታ እብጠት ያወጣች ሴት ይህን ከዋጋ ድርድሩ በፊት ትናገር። የረጋ ጠባሳም ቢሆን ቀለም እኩል አይዝም፤ አንዱ ጋ ይተፋል፣ ሌላው ጋ ይሰራጫል። መርፌው ቀለሙን ይደብቃል እንጂ ጉብታውን አያስተኛም። ስለዚህ ቅጠል፣ ላባ፣ ጭስ ይሠራበታል፤ ቀጥ ያለ መስመርና የሰው ፊት አይሠራበትም። «የእናቴን ምስል» ብሎ ድርቅ ያለ ልጅ እናቱን በዕድሜዋ አግኝታው የማታውቀውን የጉንጭ ጠባሳ ያሸልማታል።

መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ ባለጉዳዩ ይይ። ቀለሙ ለእሱ ብቻ በትንሽ ኩባያ ይቀዳል፣ የተረፈው ይደፋል። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ኤች አይ ቪ በመርፌ ይተላለፋሉ፤ በአልኮል ጠረግ ማድረግ አያድንም። የዘጠነኛ ክፍሉ መርፌ ስንት ዘሐራ እንደጻፈ የቆጠረ የለም።

ተሠርቶ ሲያበቃ ሰፈሩ ይረከበዋል። አንዷ ቅቤ ትላለች፣ አንዷ የቡና ዱቄት፣ ሦስተኛው «አብሽር፣ ምንም አይልህ» ብሎ ትከሻውን መታ ያደርጋል፤ የተነቀሰው ትከሻው ነው። የሚያስፈልገው ሽቶ በሌለው ሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ስስ ቫዝሊን መቀባት፣ ቅርፊቱን አለመፋቅ ነው። ላዩ እስኪድን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሐይቅ ገብቶ መዋኘት የለም፣ የባቲ ፀሐይም የለም። የደሴ ብርድ ሲመጣ ጋቢ በቀጥታ አይጣልበትም፤ ፈትሉ ቁስሉ ላይ ይጣበቅና ሲነሣ አንበሳውን ጥርስ ያሳጣዋል።

ቅላቱ እየሰፋ፣ ቦታው እየጋለ ከሄደ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ ክሊኒክ ነው። እዚያም እውነቱን መናገር ያሻል። «ጀበና ተደፍቶብኝ ነው» ማለት አያዋጣም፤ የጀበና ቃጠሎ ጋማ የለውም።