ማስተካከያ፦ ኤመን ራያን በ2007 የያዙት ሹመት

ስለ አየርላንዱ የአረንጓዴ ፓርቲ ፖለቲከኛ ኤመን ራያን በጻፍኩት ላይ፣ «በ2007 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሆኑ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ያኔ ያን ወንበር የያዙት የፓርቲ ባልደረባቸው ጆን ጎርምሊ ናቸው። ራያን የተሾሙት በኮሙኒኬሽን፣ ኢነርጂና የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስትርነት ነው። የአካባቢና የአየር ንብረቱ ሥራ የደረሳቸው በ2020 ነው፤ ትራንስፖርቱንም ደርበው። (ቀድሞ የብስክሌት ጉብኝት ድርጅት የነበራቸው ሰው ናቸውና፣ ትራንስፖርቱ ሳይመቻቸው አልቀረም።)

ሌላም አለ። ፓርቲው በ2011 ምርጫ ስድስቱንም የምክር ቤት መቀመጫ ያጣው «በራያን መሪነት» አይደለም። ምርጫው የካቲት ላይ ነበር፣ መሪው ጎርምሊ። ራያን መሪነቱን የተረከቡት ከሽንፈቱ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።