ከቁጥሩ ጎን ያለችው ትንሽ ምስል

የአጥንት ጥንካሬ የሚለካው ማሽን ዴክሳ ይባላል። አልጋው ላይ ጋደም ይላሉ፤ ማሽኑ በሁለት ዓይነት የኤክስሬይ ጉልበት ወገብዎንና ዳሌዎን ያነባል። ሲያልቅ አንድ ወረቀት ይወጣል። ሁሉም የሚያየው ቁጥሩን ነው። ከጎኑ ጥቁርና ነጭ ምስል አለች፤ እሷን ልብ የሚላት ጥቂት ነው።

ታላሴሚያ ላለበት ሰው ይሄ ቸልተኝነት ዋጋ ያስከፍላል ባይ ነኝ።

ታላሴሚያ ከእናትና ከአባት የሚወረስ የደም ሕመም ነው። ቆጵሮስ ውስጥ ከ7 ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው፤ ማለትም ራሱ ሳይታመም ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል። ሕመሙ የጠናበት ሰው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ደም ይሰጠዋል። መቅኔው ደም ለመሥራት ሲታገል ይሰፋል፤ አጥንቱንም ከውስጥ ያሳሳዋል። ዴክሳ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ጣጣው ግን አጥንት ላይ አያበቃም። ቀይ የደም ሴል ቶሎ ቶሎ ሲፈርስ የሐሞት ጠጠር ይፈጠራል። ብዙዎቹ በሽንታቸው የሚወጣው ካልሲየም ስለሚበዛ የኩላሊት ጠጠርም ይመጣል። እነዚህ ጠጠሮች ደግሞ ማሽኑ ከሚያነበው ወገብ ግራና ቀኝ ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

ምስሏ ላይ እንዲህ ያለ ጠጠር ሲታይ ሐኪሞች «በአጋጣሚ የተገኘ» ይሉታል። ቃሉ አይዋጥልኝም። አጋጣሚ ማለት መንገድ ላይ መቶ ብር ማግኘት ነው። ይሄኛው ያው ሕመሙ ራሱ ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ያታልላል። የተጨፈለቀ የአከርካሪ አጥንት ሲለካ፣ ያው ማዕድን ጠበብ ባለ ቦታ ስለሚታሸግ ጠንካራ ይመስላል። በሲክል ሴል፣ ሌላው የሚወረስ የደም ሕመም፣ ደግሞ ደም አጥቶ የሞተ የአጥንት ክፍል ሊጠጥርና ቁጥሩን ሊያንረው ይችላል። ምስሉን ያላየ ሐኪም «ጥሩ ነው፣ ተሻሽሏል» ብሎ ይሸኛል። በሽተኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ወገቡን እየያዘ።

ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ ነጭ ነጥብ ባየን ቁጥር ሰው አናስደንግጥ የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። የተዋጠ የካልሲየም ክኒን እንኳ ጠጠር ሊመስል ይችላል። በዴክሳ ብቻ ጠጠር አለብህ ይባል አላልኩም። ሪፖርቱ ላይ «በቀኝ በኩል ነጭ ነገር አለ፤ በአልትራሳውንድ ይታይ» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር ነው የምለው። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። ሰዎቹም እንደሆነ ለደም መምጣታቸው አይቀርም፤ በዚያው ቀን ሊታዩ ይችላሉ።