ኧረ ይድረቅልኝ!

ዛሬ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው። የዘይት ቀለም ጨጓራዬን ልጦ ጨርሶታል። መሳሉን ማለቴ አይደለም፤ መሳል እወዳለሁ። ጠቤ ከቀለሙ ጋር ነው። ሸራ ላይ ሲሆን አልደርቅም ይላል። የማይፈለግበት ቦታ ላይ ግን የሚቀድመው የለም። የቱቦው አንገት ላይ ደርቆ ክዳኑን ያጣብቀዋል። በጥርስ ብትል በፒንሳ ብትል ንቅንቅ የለም፤ ትንሽ ስትታገለው ቱቦው በጎኑ ይቀደድና ሰማያዊው እጅህ ላይ ይዘረገፋል። ብሩሹንም የቱንም ያህል ብታጥበው፣ ፀጉሩ ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተደብቆ የሚደርቅ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ያ ብሩሽ ቀጥ ያለ መስመር አይሰጥህም። ትናንት ማታ ተጠንቅቄ የቀባሁት ሰማይስ? እሱማ እርጥብ ነው። ነገም እርጥብ ነው።

የሚገርመው የድሮ ሠዓሊዎች ችግር የተገላቢጦሽ ነበር። ቀለማቸውን የሚያስቀምጡት በአሳማ ፊኛ ቋጥረው ነው። ፊኛው አንዴ ከተበሳ በደንብ ስለማይዘጋ ቀለሙ ይደርቅባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ የሚጨመቀውን የቆርቆሮ ቱቦ ፈልስፎ ገላገላቸው። እኔን ማን ይገላግለኝ?

ቀን ሥራ አለኝ። የምቀባው ማታ ነው፤ እሱም ድካሙ ከፈቀደ። እንደምንም አንድ ሰዓት አገኛለሁ። ብሩሼን አነሳለሁ። ሸራውን በጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ይጣበቃል። በቃ፣ የዚያ ቀን ማታ አለቀ። ሲደርቅልኝ ደግሞ ሥራ ተደራርቦ፣ እንግዳ መጥቶ፣ ወይ ሙዱ ጠፍቶ እኔ አልገኝም። «ግድ የለም፣ እርጥቡ ላይ ቀባ» የሚሉ አሉ። እሺ ብዬ ብርቱካናማው ጉንጭ ላይ ሰማያዊ ጥላ ሳስገባ ሁለቱ ይዋሃዱና ጭቃ ይሆናሉ። እርጥብ በእርጥብ ላይ ቀብቶ ቀለሙን ሳያቆሽሹ መውጣት የበሰለ እጅ ይጠይቃል፤ ያ እጅ የሚገኘው በየማታው በመቀባት ነው፤ በየማታው እንዳልቀባ ደግሞ ሥዕሉ እርጥብ ነው። ገባችሁ አይደል? «ታዲያ ሌላ ሸራ ጀምር» ለምትሉኝም፣ ጀምሬያለሁ። አሁን ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ሁሉ እርጥብ ናቸው። ቤቴ ውስጥ እጅጌዬን ሰብስቤ ነው የምሄደው።

ለምን እንደማይደርቅ ሳነብ የባሰ ተናደድኩ። የውሃ ቀለም የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ነው። የዘይት ቀለም ግን የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፤ እሱ ደግሞ አይተንም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው ቀስ በቀስ የሚጠነክረው፤ እንዲያውም መጀመሪያ አካባቢ ክብደቱ ይጨምራል። ስለዚህ እንደታጠበ ልብስ በአንድ ከሰዓት ይደርቃል ብሎ ነገር የለም። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል። የእኔ ተልባ ግን አይንጫጫም፤ ዝም ብሎ ነው የሚያሸንፈኝ።

በዚያ ላይ ቀለሞቹ እኩል አይደርቁም። አምበር የሚባለው ቡኒ ውስጡ ማንጋኒዝ ስላለ ይፈጥናል። ታይታኒየም ነጭና አይቮሪ ጥቁር ግን የቀናት እንግዳ ናቸው፤ ወፈር አድርገህ ከቀባህ ደግሞ ሳምንትም ያልፋቸዋል። አሁን የያዝኩት የሽማግሌ ምስል ነው። ቡኒ ካፖርታቸው ደርቋል። ነጭ ጢማቸው አልደረቀም። ካፖርቱን ልቀጥል ብዬ እጄን ሳሳርፍ ጢማቸውን ይዤ እነሳለሁ።

ትዕግሥት አጥተህ ከተቻኮልክ ደግሞ ቅጣት አለው። ከታች ዘይቱ ያነሰው፣ ቶሎ የሚደርቀው፣ ከላይ ዘይቱ የበዛው ነው ሕጉ። ቶሎ የሚደርቀውን ባልደረቀው ላይ ከጫንክ፣ የታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ የላይኛው ይሰነጠቃል። ይኼ ደግሞ የሚመጣው ሥዕሉን ሰቅለህ ከረሳኸው በኋላ ነው። ሰር ጆሹዋ ሬይኖልድስን የሚያህል ሰው፣ የለንደኑ ሮያል አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት፣ ቀለሙ ውስጥ ሰምና ሬንጅ እየጨመረ ሲሞክር ብዙ ሥዕሎቹ ተሰነጣጥቀዋል። የአንዳንዶቹ ፊት ቅላት በሕይወት እያለ ነው የጠፋው። ማፍጠኛ የለም ወይ? አለ። አልኪድ የሚባል መደባለቂያ አለ፤ ያፈጥናል። ግን ፓሌትህ፣ ማለትም ቀለም የምታዋህድበት ሰሌዳ፣ ላይ ያለውንም አብሮ ያቻኩለዋል። ገና አሰላስለህ ሳትጨርስ እንደ ሙጫ መሳብ ይጀምራል።

የአምፖሉን ጉዳይማ ተዉኝ። ማታ ቢጫ ብርሃን ሥር ሁሉም ነገር የሞቀ ይመስላል። እጄ ሳይታወቀኝ ሰማያዊ ይጨምራል። ጠዋት በመስኮት ብርሃን ሳያቸው ሽማግሌው ብርድ የመታቸው መስለው ይጠብቁኛል። ማታ የሚያብለጨልጨው ጥቁርም ዘይቱን የታችኛው ሽፋን መጦበት አመድ ለብሶ ያድራል። አስተካክለው እንዳትሉኝ፤ እርጥብ ነው ብያችኋለሁ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያናድዱኝ ግን ቪዲዮዎቹ ናቸው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ይጀምራል። ሰማይ፣ ተራራ፣ ዛፍ። «አሁን እስኪደርቅ እንጠብቅ» ይላል፤ ከዚያ ቆርጦት ሸሚዝ ቀይሮ ይመጣል። የእኔ ኑሮ እኮ ያለው እዚያ የቆረጠው ቦታ ላይ ነው! ያንን አይቶ ነው ሰዉ «ገና አላለቀም?» የሚለኝ። «ለልደቴ አድርስልኝ» ያለችኝ ጓደኛዬም አለች። ወፍራም ቀለም የመጨረሻውን ቫርኒሽ ለመቀባት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት መጠበቅ እንዳለበት ስነግራት፣ «ካልፈለግክ አልፈልግም በል» ብላ አኮረፈችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

ደግሞ ይኼን ስሙ። ሸራ ላይ አልጠነክርም ብሎ የሚንቀባረርብኝ ዘይት፣ የጠረግኩበት ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቀልዴን አይደለም። ያው ኦክስጅን መሳቡ ነው፤ ሙቀቱ ጨርቁ መሃል መውጫ ሲያጣ ይጠራቀማል። ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኔ እየተጨፈነ፣ ጨርቁን አንድ በአንድ ውጭ ዘርግቼ አለዚያም ውሃ ያለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ነክሬ ነው የምተኛው። ከዚያች ከአንዷ ሰዓቴ ላይ የማጽጃውን ቀንሱልኝ እስቲ። ስንት ቀረኝ?

አውቃለሁ፣ አሁን አንዱ ተነስቶ «አክሬሊክ ሞክር» ሊለኝ ነው፤ በውሃ የሚቀጥነውን ቀለም ማለቱ ነው። ሞክሬዋለሁ። በደቂቃዎች ይደርቃል። ጉንጭ ላይ ብርሃኑ ወደ ጥላ የሚገባበትን ቦታ በለስላሳ ብሩሽ ላዋህድ ስል ደርቆ ጠበቀኝ፤ ፊቱ በድንበር የተከፋፈለ ካርታ መሰለ። የዘይት ቀለም ላይ ያንን ቦታ ማታውን ሙሉ ብመላለስበት እሺ ይለኛል። እና አልተውም። ግን ዛሬ ምክርም አልፈልግም፣ «አይዞህ»ም አልፈልግም። ሥዕሉን አልጋ ሥር ደብቆ፣ በየቀኑ እየወጣ በጣቱ የሚነካ ሌላ ሰው ካለ «እኔም» ይበለኝና ይብቃኝ።