ማስተካከያ፦ ስለ ኦቲዝም ሥልጠናው የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቱሉ ዲምቱ ላላችሁ ወላጆች ስለ ዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች ሥልጠና ጽፌ ነበር። ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

«12 የቡድን ሥልጠና» ያልኩት ልክ አይደለም። የቡድኑ 9 ነው፤ 3ቱ አሠልጣኙ ቤት ድረስ የሚመጣባቸው ናቸው። ደምሬ ነው የጻፍኩት።

ሁለተኛው ይብሳል። «ሐኪም ኦቲዝም ነው ብሎ ካልጻፈ አይቻልም» ብያለሁ። ሥልጠናው የታሰበው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ፣ የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች ነው፤ የምርመራ ወረቀት ግዴታ አይደለም። እኔን አምና፣ ልጇን አዝላ ታክሲ እየቀያየረች መሃል ከተማ ለወረቀቱ ስትንከራተት የሰነበተች እናት ደውላ ስትቆጣኝ ምን ልበላት?

ከልጁ ጋር ስለ መጫወት ያልኩት ግን ያው ነው። ያድናል አላልኩም፤ ከልጁ ጋር ያግባባል ነው ያልኩት። ቆርኪ እየደረደረ ከሆነ አትንጠቁት። አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ እናንተም አንድ ቆርኪ ጨምሩና ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ቀና ብሎ ካያችሁ ጨዋታው ተጀምሯል። ካላያችሁም ነገ ሞክሩ።