ማስተካከያ፦ መቺ፣ ደርዳሪ፣ ነፊ

ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾች መጠሪያ ቀደም ብዬ በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተት አለ።

አንደኛ፣ «አዝማሪ ማለት ማሲንቆ ተጫዋች ነው» ብዬ ነበር። አይደለም። አዝማሪ ግጥም እየገጠመ የሚያዜም ባለሙያ ነው፤ ማሲንቆ ከእጁ ባይጠፋም፣ መሣሪያ ሳትነካ የምታዜም ሴትም አዝማሪ ትባላለች። መሣሪያውን ለይቶ መናገር ሲያስፈልግ «ማሲንቆ መቺ» ነው። (ነገሩ ያስቃል፤ ማሲንቆ ሲመታ ማን አይቷል? ያቺ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር በደጋን ትገዘገዛለች እንጂ።)

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳፍረኛል። «በገና መቺ አይባልም» ብዬ በድፍረት ጽፌያለሁ። ዛሬ የተለመደው «በገና ደርዳሪ» መሆኑ እውነት ነው፤ ዓለሙ አጋም የሚታወቁት በዚሁ ነው። ነገር ግን በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት ለሳኦል በገናውን የሚመታ ነው። ስለዚህ «አይባልም» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። ክራርም ሁለቱንም ይቀበላል፤ መቺም ደርዳሪም።

ዋሽንት ነፊ፣ እምቢልታ ነፊ፣ ከበሮ መቺ፣ ጊታሪስት፣ ፒያኒስት ያልኩት እንዳለ ነው። «ትሮምቦኒስት» ግን ምላስ ስለሚያስር «ትሮምቦን ተጫዋች» አድርጌዋለሁ።