«ብላ» የሚለው ቃል ከገበታ ይነሳ

አትክልት አልበላም ብሎ አፉን የገጠመ የሦስት ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ መጀመሪያ ይለማመጣል፤ «አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ለእኔ ስትል።» ቀጥሎ ይደልላል፤ «ካሮትህን ከጨረስክ ከረሜላ አለህ።» በመጨረሻ ይቆጣል። ሦስቱም ከስጋትና ከፍቅር የሚመጡ ናቸው። ሦስቱም ግን ልጁን ከአትክልት ያርቁታል፤ ስለዚህ ከገበታ ላይ ይነሱ እንላለን።

ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ልጆች የማያውቁትን ምግብ መፍራታቸው የዕድገታቸው አካል ነው። በዚያ ላይ ጎመንና ብሮኮሊ በተፈጥሯቸው መራራ ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ አንዳንድ ልጆች ደግሞ መራራን ከሌላው ሰው አብልጠው የመቅመስ ባሕርይ ከወላጆቻቸው ይወርሳሉ። ስለዚህ ፊቱን ያጨማደደ ልጅ የግድ ሞልቃቃ ነው ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሊያን በርች የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ለትምህርት ላልደረሱ ሕፃናት ሾርባ እያቀረቡ አንዱን ሾርባ እንዲጨርሱ ይወተውቷቸዋል፤ ሌላው ሲቀርብ ዝም ይሏቸዋል። ልጆቹ ብዙ የበሉት ዝም ሲባሉ ነው፤ ሲወተወቱ ደግሞ ሾርባውን ማጣጣል አበዙ። በከረሜላ መደለልም ያው ነው፤ ልጁ የሚማረው ካሮት ዕዳ፣ ከረሜላ ደግሞ ክፍያ መሆኑን ነው። ሽልማት ካስፈለገ ምግብ ያልሆነ ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ የሚለጠፍ ሥዕል ይሁን፤ እሱም ለመቅመሱ እንጂ ለመጨረሱ አይሰጥ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኤለን ሳተር ያስተዋወቁት የሥራ ክፍፍል እዚህ ላይ ይረዳል። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ መብላት አለመብላቱንና ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ይህ ልጁን እንደፈለገ መልቀቅ አይደለም። አትክልቱ በየጊዜው ይቀርባል፤ ልጁ እንቢ ስላለ በምትኩ ሌላ ነገር አይሠራለትም። አጠገቡ ግን ልጁ የሚወደው አንድ ምግብ ሁልጊዜ ይኑር፤ አለዚያ በረሃብ ማስገደድ ይሆናል።

ልጅ አንድን አዲስ አትክልት ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ ያህል ማየትና መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙ ቤት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እንቢታ «ይህን አይወድም» ተብሎ ይተዋል፤ ስህተቱ ያ ነው። መንካት፣ ማሽተት፣ ልሶ መትፋትም እንደ ልምምድ ይቆጠራል። መጠኑ በጣም ትንሽ ይሁን፤ ለመጀመሪያው ቀን አንዲት የአተር ፍሬ ወይም የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ብሮኮሊ ትበቃለች። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት አሠራር ይቅረብ። የተጠበሰ ካሮት ያልተቀበለ ልጅ በማግሥቱ በተፈጨ ካሮት ቢሞከር እንደ አዲስ ምግብ ሊያየው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 250 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ይህ ግን የቀኑ ሁሉ ድምር ነው፣ ፍራፍሬውም ይቆጠራል። ቁጥሩን በአንድ ሰሐን ላይ ልናሟላ ስንሞክር ነው ውትወታው የሚመለሰው።

አንዳንዴ ደግሞ ልጁ እንቢ የሚለው ስላልራበው ብቻ ነው። በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ወተት የሚጠጣ ልጅ ለምግብ ቦታ አይተርፈውም፤ ለብረት እጥረትም ይጋለጣል። በመብልና በመክሰስ መካከል ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይለፍ፤ በዚህ መካከል ውኃ ብቻ። ዋናው ምግብ ከመቅረቡ አሥር ደቂቃ በፊት፣ ልጁ እርቦት ሲጠብቅ አትክልቱ ብቻውን ቢቀርብ ከሌላው ምግብ ጋር አይሻማም።

አበሳሰልም ብዙ ያበላሻል። ብሮኮሊና ጎመን ሲበዛ ሲቀቀሉ የድኝ ዓይነት ሽታ ያወጣሉ፤ ልጁ ገና ከሩቁ ይሸሻል። በትንሹ የተቆረጠ ብሮኮሊ በእንፋሎት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ካሮት፣ ዱባና አበባ ጎመን በ200 ዲግሪ ምድጃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሲጠበሱ ስኳራቸው ይወጣል፤ ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት በቂ ነው። ትሪው ላይ ከተደራረቡ ግን በራሳቸው እንፋሎት ይልፈሰፈሳሉ፣ ጣፋጩም አይመጣም። ጠንካራ ጥሬ ካሮት ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያንቃል፤ ተፍቆ ወይም በስሎ ይሰጥ።

ቆስጣን ፈጭቶ ስጎ ውስጥ መደበቅ የዕለቱን መጠን ይጨምራል፤ ልጁን ግን ከቆስጣ ጋር አያስተዋውቀውም። የሚያደርግ ያድርገው፤ ሳይደበቅ የሚታየውም ቆስጣ ሰሐኑ ላይ ይኑር። ልጁ ከጠየቀም እውነቱ ይነገረው፤ የተታለለ ልጅ በፊት ይበላው የነበረውን ስጎ ጭምር ሊተው ይችላል።

ክብደቱ መጨመር ያቆመ፣ ሲውጥ የሚያንቀው ወይም አዘውትሮ የሚያስመልሰው፣ ይበላቸው የነበሩትን ምግቦች አንድ በአንድ እየተወ የሄደ ልጅ ግን ሐኪም ይየው። ከዚያ በፊት ለሰባት ቀን የቀረበለት፣ የበላውና የጠጣው ሁሉ በመጠን ተጽፎ ይያዝ፤ ወተቱና ጭማቂውም ሳይቀር።