ማዘዣ የማትጠየቅባት ቲዩብ

የአክስቴ ልጅ አምና ጥር ላይ ነው የተዳረችው። ሰርጉ ሁለት ወር ሲቀረው እናቷ ወይባ አስፈልጋ ጢስ አስገባቻት፣ እሷ ግን ጢሱ አልበቃትም፣ ጓደኞቿ የነገሯትን "ሚክስ" የሚሉትን የፊት ማቅያ ቅልቅል ፍለጋ እዚሁ ደሴ ሸዋ በር ወረደችና አንዲት ትንሽ ቲዩብ፣ አንድ የፊት ክሬምና አንድ ሎሽን ገዝታ መጣች፣ ቀላቅሎ በብልቃጥ የሰጣት ራሱ ሻጩ ነው። በአስር ቀን ውስጥ የተላጠ እንቁላል መሰለች። ወላሂ እኔም አምሮብሻል ብያታለሁ፣ አልዋሽም፣ ስለዛ ይሄን ስጽፍ ራሴንም እየወቀስኩ ነው።

ከአራት ወር በኋላ ግን ምጣድ ፊት መቆም አቃታት። እንፋሎቱ ሲነካት ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላታል፣ ጉንጯ ላይ ቀጫጭን ደም ስር ወጣ፣ አገጯና አፏ ዙሪያ በብጉር ተሞላ፣ በዛ ላይ ከንፈሯ በላይ ፀጉር ቢጤ ማብቀል ጀመረች። ክሬሙን ስትተወው ባሰባት። ስትቀባው በረደላት። እና ምን ብላ ደመደመች መሰላችሁ፣ "መድኃኒቱማ ጥሩ ነው፣ የማቆሙ ነገር ነው የጎዳኝ።" ወጥመዱ ይሄው ነው፣ እኔም ለመጻፍ የተነሳሁት በዚች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

ቲዩቧ ላይ የተጻፈውን አነበብነው፣ ክሎቤታሶል ይላል። ክሎቤታሶል የቆዳ ስቴሮይድ ነው፣ መቅላትና ማሳከክን የሚያበርድ ቅባት ማለት ነው፣ ከስቴሮይድ ቅባቶች ውስጥ ደግሞ በጉልበት የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለው። ሐኪም ለከባድ ችፌ ወይም ለመሳሰለው ሲያዝ ከተከታታይ 2 ሳምንት እንዳያልፍ፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳይበልጥ ይባላል፣ ፊት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይመከርም። እቺ ልጅ ፊቷን ስድስት ወር ቀባችው! ማንም "ማዘዣሽ የታለ" አላላትም፣ "የኔ ቆንጆ ይሄማ ለሙሽራ ነው" ነው የተባለችው።

ቆዳ ምን እንደሆነ ብናውቅ እንዲህ አንጫወትበትም ነበር። ቀለም የተቀባ ግድግዳ አይደለም እኮ። የአዋቂ ሰው ቆዳ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 2 ካሬ ሜትር ይጠጋል፣ ከላይ ያለው ሽፋን ደግሞ ከስር እየተወለደ ከላይ እየረገፈ በወር ገደማ ራሱን የሚያድስ ነው፣ ከሱ በታች ደም ስሩን፣ የላብ ዕጢውን፣ የፀጉሩን ሥርና ቆዳውን ወጥሮ የሚይዘውን ክር መሰል ነገር የያዘው ወፍራም ክፍል አለ፣ ከዛ ስር ስብ። ስቴሮይዱ ሲበዛ ከላይም ከመሀልም ያሳሳዋል፣ ያ "አምሮብሻል" ያልነው ጥራት ግማሹ የሳሳ ቆዳ ነው፣ የደም ስሩ መታየትም ከዛው ይመጣል። የፊት ቆዳ፣ በተለይ የዓይን ቆብ፣ ከመጀመሪያውም ስስ ነው፣ ለተረከዝ የሚሆን ነገር እዛ አይሆንም።

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ቁጥራቸው በጥቁሩም በነጩም ሰው ላይ ብዙ አይለያይም፣ ልዩነቱ የሚሠሩት ሜላኒን የሚባለው ቀለም መጠን፣ ዓይነትና አበታተኑ ላይ ነው፣ ሜላኒኑ ደግሞ በሴሉ ላይ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ፀሐይን የሚመክት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎጂው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ እኛ ግን ጦሳ ተራራ ስር ብርድ እያንቀጠቀጠን "ዛሬ ፀሐይ የለም" እንላለን። ብርድና ጨረር አይገናኙም ጎበዝ፣ ቆላው ባቲ ወርደህ ላብ በላብ የምትሆነውና ደሴ ላይ ጋቢ ለብሰህ የምትቆመው ሁለታችሁም ትመታላችሁ፣ የደሴው እንደውም ሳያውቀው ነው። ጃንጥላውን አውልቃ ጥላ ለመጣል የምትከፍለው ልጅ፣ ቀሪው ዕድሜዋን ከማድያት ጋር ነው የምትታገለው።

ደግሞ "ሚክሱ" ውስጥ ያለው ስቴሮይድ ብቻ ቢሆን። ሀይድሮኩዊኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል ይገባበታል፣ እሱ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ በተቃራኒው ፊትን ሰማያዊ መሰል ጥቁር አድርጎ ያስቀራል፣ ደቡብ አፍሪካ ይሄን በገዛ ሕዝቧ ላይ አይታ በ1990 እ.ኤ.አ. ከመዋቢያ ውስጥ አግዳዋለች። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፣ ሜርኩሪ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ነው፣ ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የቆዳ ማንጫ ክሬም ውስጥ እንዳይገባ ይላል። ሻጩ ሲቀላቅል የትኛው ከየትኛው ጋር እንደገባ ግን እሱ ራሱ አያውቅም።

እዚህ ላይ "እንዴ ታድያ ወይባውስ" የሚለኝ ይኖራል። ወይባ ላይ አፌን አልከፍትም፣ አራስ እናትም ሙሽራም የምታውቀው ነው፣ ገላው ወይባ መስሎ ይወጣና ቀስ ብሎ ይለቃል፣ እሳቱ ቀርቦ እግር እንዳያቃጥል መጠንቀቅ ነው እንጂ። ሎሚና ጤና አዳም ፊት ላይ አሽታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ እንጂ፣ ሁለቱም ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ጤና አዳም ቦታው ስኒ ውስጥ ነው።

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር ይቺው ቲዩብ ለሁሉም በሽታ መዋሏ ነው። ልጁ ጭርት ሲይዘው ቅባት ይገዛለታል፣ ቅላቱና ማሳከኩ በሁለት ቀን ይጠፋል፣ እናት ትደሰታለች፣ ፈንገሱ ግን ከስር ተደላድሎ ይሰፋል፣ ሐኪም ጋ ሲደርስ መልኩ ተቀይሮ ለመለየት እንኳን ያስቸግራል። ከሱ የባሰው ቁንጭር ነው። ቁንጭር ከኛ ደጋ የማይጠፋ በሽታ ነው፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ናት የምታስተላልፈው፣ ተውሳኩን የሚያኖረው ገደል ውስጥ ያለው ሽኮኮ ነው፣ ቁስሉ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ይወጣል፣ ብዙ ስለማያም ሰው ወራት ይቀመጥበታል። በዚህ ላይ ስቴሮይድ መቀባት ማለት ቆዳው ራሱን እንዳይከላከል እጁን አስሮ ለተውሳኩ ማስረከብ ነው። ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ቦታ ይዞ የመጣ ሰውስ? የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት ያለው የሚድን በሽታ ነው፣ በጊዜ ካልተያዘ ነው እጅ እግር የሚጎዳው።

እኛ ደግሞ ሩቅ አይደለንም እኮ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ አፍንጫ ስር ነው። አፄ ዮሐንስ በ1870 የሃይማኖቱን ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው፣ ሆስፒታሉ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነስቶ ለቆዳና ለቁንጭር ስሙ የታወቀ ነው፣ ሰው ከሩቅ ቀን ተጉዞ ይመጣል። ደሴ ተቀምጦ ታክሲ ይዞ ከመሄድ ይልቅ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ፊቱን የሚያሳየው የኛ ሰው ነው። ሰውም አይፈረድበት፣ ሱቁ ወረፋ የለውም፣ ካርድ አያስወጣም፣ "አብሽሪ በሳምንት ይጠፋል" ይላል፣ ሐኪሙ ደግሞ ወር ጠብቂ ነው የሚለው፣ ቆዳው ለመታደስ የሚፈጅበት ጊዜም እሱው ነው።

መድኃኒት ቤት ያላችሁ ወንድሞቼ፣ "እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል" የምትሏትን ሰምቻለሁ። ሌላው ይሽጥ። እናንተ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ ስለምትሸጡት ነው ልጅቷ መድኃኒት ነው ብላ የምታምነው፣ ጉሊት ላይ ብታየው ቢያንስ ትጠራጠር ነበር። ቁጥጥር ላይ ያላችሁም ሸዋ በርን አንድ ቀን በእግራችሁ ዙሩ፣ ዋናው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፣ ጓዳ እንኳን አልደበቁትም።

አሁን እየተቀባች ያለች ልጅ ይሄን ካነበበች፣ ወራት ከቆየሽበት ዛሬውኑ ወርውረሽ ቤት አትቀመጪ፣ ሲቆም የሚመጣው ቃጠሎ ተመልሰሽ እንድትገዢ ያደርግሻል፣ ቲዩቧን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚወጣው። እስከዛው ፊትሽን በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን ነገር ቅቢ፣ ሽቶ ያለበትን ተዪው፣ ጃንጥላና ሻሽ ያዢ።

የአክስቴ ልጅ ሕክምና ጀምራለች፣ ምጣድ ፊት ገና አትቆምም፣ እንጀራውን ባሏ ነው የሚጋግረው፣ ሰፈሩ ይስቅበታል። ባለፈው የጎረቤት ልጅ የሰርጓን አልበም ስታገላብጥ ቆይታ "ያኔ የተቀባሽው ስሙ ማን ነበር?" አለቻት። እኔም በማግስቱ በሱቁ በኩል አለፍኩ፣ ቲዩቧ እዛው መስታወቱ ውስጥ ተደርድራለች፣ ዋጋዋ ብቻ ነው የጨመረው።